ከደሴት የመጣው ቤተ ክርስቲያን

አርክቴክት ሀብተሚካኤል በስደት አገር፣ ንሳምብያ በተባለ ሰፈር በሚሠራው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመሰላል ሥር ሞቶ ሲገኝ፣ ፖሊስ አናጢውን ኦብሳን አፈፍ አደረገው። ዋዜማውን ሲጨቃጨቁ ታይተዋላ! ስደተኛ ነው፤ ጥፋተኛ ከተባለ አለቀለት። ሚስቱ ራቢያ እያለቀሰች የሮጠችው ኪኩቦ ገበያ ጨርቅ ወደምትነግደው ወደ ወርቅውሃ ነው። ወርቅውሃ አዲስ አበባ ሳለች ወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ከዓይኗ እንኳን ሰው ትኋን አያመልጥም።

ሕንፃው በአገር ቤት ያለውን የሸንበቆ ደሴት ጥንታዊ ደብር አስመስሎ ክብ ሆኖ ተሠርቷል፤ ቅኔ ማሕሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱ መቅደሱን ከቦ። ወርቅውሃ ስትደርስ ሬሳው ገና አልተነሣም። ጫማው በር ላይ ተቀምጧል። ወለሉ ሲሚንቶና ሚስማር ሆኖ ሳለ፣ የሟቹ ካልሲ ንጹሕ ነው።

«ጋሽ ግርማ፣ ምረቃው ባለፈው እሑድ አልነበረም እንዴ?» ስትል የኮሚቴውን ሰብሳቢ ጠየቀች።

«ጣሪያው አላልቅ ሲል አዛወርነው። ታቦት ሳይገባ ምን ቤተ ክርስቲያን አለ? ሁላችንም በጫማችን ነው የምንገባው።»

«ሟቹና ኦብሳ በምን ተጣሉ?»

«ኧረ ጠብም አይደል! ስለ ጣሪያው ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያው ናቸው። ሀብተሚካኤልን ያስጨነቀው ሌላ ነው። ደሴቱ ላይ ምሰሶዎቹን ሲለካ የማሽን መጋዝ ጥርስ ምልክት አይቶባቸዋል። የድሮው ተቃጥሎ በአያቶቻችን ዘመን የተተካ ነው ይል ነበር። ለዳግማዊ ሲመጣ እነግረዋለሁ ብሎኝ ነበር።»

ዶክተር ዳግማዊ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር የደብሩ ታሪክ አጥኚ ነው።

«ስድስት መቶ ዓመት የቆመ ደብር ነው!» አላት ስለ ምሰሶዎቹ ስትጠይቀው፣ ፈርጠም ብሎ። «እኔ ደግሞ ወር ሙሉ አዲስ አበባ ከርሜ ትናንት ማታ ነው የገባሁት። እዚህ ዝር አላልኩም።»

ከሰዓት በኋላ ወርቅውሃ ሁሉንም እዚያው ሬሳው ዘንድ ሰበሰበች፤ ኦብሳም በካቴና መጣ።

«ሰውየው የሞተው ውጭ ነው» አለች። «በእግሩ ቢገባ ካልሲው ይቆሽሽ ነበር። ተሸክሞ ያስገባው ሰው ከመሰላል የወደቀ ሊያስመስል፣ ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ጫማውን አወለቀለት። ሌሊት ነው፣ መብራት የለም፤ ወለሉን የት ያየዋል? ኦብሳ ቢሆን አያወልቅም፤ በየቀኑ አብረው በጫማ ይገባሉ። ጋሽ ግርማም ምረቃውን ያዛወሩት ራሳቸው ናቸው። ተባርኳል ብሎ የሚያምን፣ ከመዛወሩ በፊት የሄደ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ዳግማዊ ዞረ።

«ዕድሜዬን የፈጀሁበትን ጥናት!» አለ። «የሰው መሳቂያ ሊያደርገኝ! ገፋሁት፣ ድንጋይ ላይ ወደቀ... ልገድለው አልነበረም።»

«ኦብሳ ሲታሰርስ? እያየህ ዝም ያልከውም ሳታስበው ነው?» አለችው ወርቅውሃ በንዴት።

ካቴናው ሲፈታ ራቢያ ባሏ ላይ ተጠመጠመች። ኦብሳ ግን ዓይኑን ከሬሳው አልነቀለም። እንባው ይወርዳል።

«ጋሽ ግርማ፣ ሣጥኑን ከሱቅ እንዳትገዙ» አለ። «እኔ ነኝ የምሠራለት።»