አንደኛ ተጠባባቂ

«በናትሽ እውነቱን ንገሪኝ፤ ልጫወት ወይስ ልተው?»

ጉንጬ አልጋዋ ላይ ተጋድማ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላለች። ቁርጭምጭሚቷ፣ ወይኔ፣ ዳቦ መስሏል! ጠዋት ልምምድ ላይ ነው የታጠፈባት። ሽቦ በረዶ የተጠቀለለበትን ፎጣ እንደያዘች ድርቅ አለች። ከሰው ሁሉ እሷን ትጠይቃለች?

ሽቦ መቼም እንደ ቅጽል ስሟ ናት፤ ቅጥነቷ ለጉድ! ግን ስትመታ ኳሱ ይጮሃል። ገና አስራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ቴኒስ ደግሞ ሥራዋ ነው። የምር ሥራዋ! ሰው ይሄን ሲሰማ ጭብጨባ፣ አበባ፣ ካሜራ ምናምን ይመስለዋል። የት ተገኝቶ! የደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ስሟን ለማግኘት ጣትሽ እስኪዝል ወደ ታች መውረድ አለብሽ። አሰልጣኝ የላትም። ሻንጣዋን ራሷ ትጎትታለች፣ ካልሲዋን የሆቴል መታጠቢያ ውስጥ ታጥባለች። ስታሸንፍ እንኳን የምታቅፈው ሰው ስለሌለ ፎጣዋን ታጣጥፋለች። አለ አይደል፣ እጅሽ የሚይዘው ሲያጣ።

ያለቻት ጉንጬ ብቻ ናት። ከልጅነት ውድድር ጀምሮ ይተዋወቃሉ፤ አንድ ከተማ ከተገናኙ አንድ ክፍል ይጋራሉ።

እና ሽቦ ትናንት ማጣሪያው ላይ ተሸነፈች። በቃ፣ አለቀ? አላለቀም! ዋናው ውድድር ውስጥ ከገቡት አንዷ ከቀረች፣ ማጣሪያ ላይ ከተሸነፉት መካከል አንደኛ ተጠባባቂዋ ትተካታለች። አንደኛዋ ደግሞ፣ አዎ፣ ሽቦ ናት። ጠዋቱን ሙሉ የውድድሩ ኃላፊ ጠረጴዛ አጠገብ ተጎልታ የሚያነክስ ሰው ስትፈልግ ነበር። ያስነጠሰች ሁሉ ልቧን ትር ታደርገዋለች። እግዜር ይቅር ይበላት፣ «አንዷ ብቻ ትታመምልኝ» ብላለች እኮ!

ጉንጬም ከገቡት አንዷ ናት፤ ግን ጉንጬን አላለችም።

ስልኳ ጠራ። እናቷ ናቸው። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ አነሳችው።

«የኔ ልጅ፣ በላሽ?»

«በልቻለሁ እማ።» አልበላችም።

«ገባሽ ወይስ አልገባሽም?»

«እየጠበቅኩ ነው።»

«ቃልሽን እንዳትረሺ። በዚህ ሳምንት የደረጃ ነጥብ ካልተገኘ ቀጥታ ወደ ትምህርት ቤት ነው። ደከመኝ ልጄ፤ ባዶ አልጋሽን ማየት ደከመኝ።»

«እሺ» አለች ሽቦ። ስልኩ ከተዘጋም በኋላ ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈችው ቆየች።

ስትመለስ ጉንጬ ዓይኗን በሩ ላይ ተክላ ትጠብቃታለች። «እና? የውድድሩ ሐኪም ‹ያንቺ ውሳኔ ነው› ብላኝ ሄደች። ሌላ ማንን ልጠይቅ? አንቺ ነሽ ያለሽኝ።»

ሽቦ አፏን ከፈተች። እውነቱ «አትጫወቺ» ነው፣ እግሩ ራሱ እየጮኸ ነው። ግን እሷ «አትጫወቺ» ስትል፣ ለጉንጬ አዝና ነው ወይስ ቦታዋን ፈልጋ? እሷ ራሷ አላወቀችውም። «ተጫወቺ» ብትል ደግሞ ያ እግር አለ።

«አንዴ መጣሁ» አለች።

«ወዴት?»

«መጣሁ አልኩሽ! እንዳትነሺ!»

ደረጃውን በሩጫ ወረደች። የውድድሩ ኃላፊ ሴትዮ ጠረጴዛቸው ጋ ብስኩት እየቆረጠሙ ነው።

«ምነው ቀጭኗ፣ አላስቀምጥ አለሽ? እስካሁን የቀረ ሰው የለም።»

«ስሜን ይሰርዙልኝ።»

ሴትዮዋ ማኘካቸውን አቆሙ። «ከተጠባባቂነት? አንደኛ ነሽ እኮ! ጨዋታው ሊጀመር ምን ቀረው?»

«አውቃለሁ።»

«ከተሰረዝሽ መመለስ የለም፣ ልጄ።»

«ይሰርዙልኝ።»

ሰረዙት። ጠዋት ሽቦ የነበረችበት ወንበር ላይ ሁለተኛዋ ተጠባባቂ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። ሽቦ ፈገግ ልትልላት ሞከረች፤ እምቢ አላት። ወደ ላይ ስትወጣ በሩጫ አልነበረም።

ጉንጬ አንድ ጫማ አድርጋ፣ ሌላውን ያበጠው እግሯ ላይ ልታጠልቅ ጥርሷን ነክሳ ስትታገል ደረሰች። ሽቦ በሩን ዘግታ ፊት ለፊቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«አሁን ጠይቂኝ።»

«ምን ሆነሻል አንቺ?»

«ምንም። ጠይቂኝ።»

«ልጫወት?»

«አትጫወቺ።»

 ታች ሜዳው ላይ ኳስ ሲመታ ይሰማል፤ ጧ፣ ጧ።

«እኔ ከወጣሁ የምትገቢው አንቺ ነሽ አይደል?»

«ሌላ ልጅ ናት።»

ጉንጬ ብዙ ቆይታ አየቻት።  ጫማ ያደረገውን እግሯን ብቻ ወደ ሽቦ ዘረጋች፤ ሽቦም ጎንበስ ብላ ማሰሪያውን ቀስ አድርጋ ትፈታላት ጀመር።