ፔዳሉን ይዣለሁ

«ጫኚ።»

«ይዣለሁ።»

«ልቀቂ።»

«ለቀቅኩ።»

ኢቅራ ከጠዋት ጀምራ የተናገረችው ይኸንኑ ነው ማለት ይቻላል። ክፍል ውስጥ ሳትጠየቅ ለምትመልስ ልጅ፣ በአሮጌው ካምሪ የሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት ቃል እያፈራረቁ መዋል ትልቅ መከራ ነው።

አባቷ ባህሩዲን ከመኪናው ጎን ካርቶን አንጥፎ ቁጢጥ ብሏል። መኪናው በክሪክ ተነስቷል፤ ጎማው ወልቆ ሳሩ ላይ ተጋድሟል። ባህሩዲን ከፍሬኑ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን በመፍቻ ሲከፍታት፣ እንደ ኮካ የጠቆረው አሮጌ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቱቦ ወደ ውሃ ጠርሙስ ይወርዳል። ሲዘጋት ይቆማል። አዲሱ ዘይት ጠርቶ እስኪመጣ ድረስ እንዲሁ መክፈትና መዝጋት፣ መጫንና መልቀቅ ነው። አንድ ነገር ብቻ ክልክል ነው፦ ብሎኗ ክፍት እያለች ኢቅራ እግሯን ማንሳት የለባትም። ካነሳች ፔዳሉ ወደ ላይ ሲመለስ አየር ይስባል። አየር የገባበት ፍሬን ደግሞ ሲረግጡት ይሰምጣል እንጂ አይይዝም።

ይህንን ለአባቷ ያነበበችለት ራሷ ኢቅራ ናት። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሱት ወፍራም የመኪና ጥገና መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። ባህሩዲን በእንግሊዝኛ ያወራል፣ ይከራከራል፣ ሻኮፒ ከተማ በሚሠራበት መጋዘን ውስጥ ሰው ያስቃል። የመጽሐፍ እንግሊዝኛ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሁለት መስመር ሲያነብ ፊቱ ይከብዳል። ስለዚህ ኢቅራ ታነባለች፣ እሱ ይሠራል። የቤቱ ወግ ነው። የባንኩን ደብዳቤም፣ የወንድሟን የትምህርት ቤት ወረቀትም የምታነበው እሷ ናት። «ኢቅራ አንብባዋለች» ከተባለ በዚያ ቤት ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው።

በጂንሷ ኪስ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ፎርም አለ። አሥራ አምስት ዓመት ከሞላት ሦስት ሳምንቷ ነው፤ የመንጃ ልምምድ ፈቃድ ለማውጣት የቀራት የአባቷ ፊርማ ብቻ ነው። ጓደኛዋ ዳራርቱ ካወጣች ወር ሆኗት፣ የእናቷን ቫን ስለመንዳቷ በየቀኑ ምሳ ላይ ሪፖርት ታቀርባለች። ኢቅራ ምሳዋን በሰላም መብላት አልቻለችም።

«ፍሬን ምን እንደሆነ ያላወቀ ሰው መሪ አይይዝም» ብሏታል ባህሩዲን። «ይህንን ሥራ ከእኔ ጋር ያለ ጥፋት ጨርሺ፣ እዚያው ቆሜ እፈርማለሁ።»

«ያለ ጥፋት ማለት ምን ማለት ነው?»

«የነገርኩሽን መስማት ማለት ነው። እንግዳ ነገር እንደሚሆንብሽ አውቃለሁ።»

መጨረስ ያለባቸው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ነው። እናቷ ሻሂዳ ሮቢንስዴል ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የከሰዓቱ ሺፍት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ ቤቱ ያለው ደግሞ ይኼ አንድ ካምሪ ነው።

ሁለቱ የኋላ ጎማዎች አልቀው ሦስተኛው ላይ ደረሱ፤ በወዲያኛው በኩል ያለው የፊት ጎማ ነው። ዘይት የሚጨመረው ከፊት ስለሆነ ኮፈኑ ተከፍቷል። ኢቅራ ከመቀመጫዋ የሚታያት ኮፈኑ ብቻ ነው፤ አባቷን በድምፁ ነው የምታውቀው።

«ጠራ» አለ ባህሩዲን። «የመጨረሻ አንድ ጊዜ። ጫኚ።»

«ይዣለሁ።»

መፍቻው ቀጭ አለ። ፔዳሉ ከእግሯ በታች እየሰመጠ ወረደ።

በዚህ መሐል እትዬ የሺሀረግ መጡ።

እትዬ የሺሀረግ ሦስት ቤት አልፈው ነው የሚኖሩት። በክሪስታል ከተማ አጭር በጋ፣ አጥራቸው ሥር ዘርተው ለሰፈሩ የሚበቃ ቃሪያ ያመርታሉ፤ አሁንም አንድ ፌስታል ሙሉ ይዘዋል። ባለፈው ሳምንት ሲመጡ ኢቅራ ቴሌቪዥን እያየች ነበርና ከሶፋው ሳትነሳ «ሰላም» ብላቸው ነበር። ሻሂዳ እንግዳዋ እስኪሄዱ ድረስ ታገሠች። ከሄዱ በኋላ ግን ሲመሽም ሲነጋም ያላለቀ ንግግር አደረገች። «ምን ነው፣ በሙጫ ነው የተጣበቅሽው? ትልቅ ሰው ቆሞ አንቺ ተቀምጠሽ? ሰው ምን ይለናል?»

«እንዴት ዋላችሁ ልጆቼ» ሲሉ እትዬ የሺሀረግ ከጀርባዋ፣ የኢቅራ ወገብ ጭንቅላቷን ሳያማክር ተነሳ። በሩ ክፍት ነበር። አንድ እግሯ አስፋልቱን ረገጠ፣ ሌላው ተከተለው፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። በሕይወቷ ለማንም እንደዚያ ፈጥና ተነስታ አታውቅም።

«ተባረኪ» አሉ፣ ጉንጯን ነካ አድርገው በኮፈኑ ዞረው ወደ ባህሩዲን ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው እግሯ ባዶውን መሆኑ የገባት። ዘላ ገባችና ፔዳሉን ረገጠች። ፔዳሉ ግን ወደ ላይ ተመልሶ ነበር።

በወዲያ በኩል አባቷም የተነሳ ይመስላል። «እትዬ፣ እጄ ዘይት ነው፣ ክንዴን ይጨብጡኝ» ሲል ሰማችው። ቃሪያው ተሰጠ፣ ጤና ተጠየቀ። «ጨዋ ልጅ ነው ያሳደግኸው» አሉት። ኢቅራ ጨዋ ተብላ የደነገጠችው ያን ቀን ብቻ ነው።

እትዬ የሺሀረግ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ባህሩዲን ብሎኗን አጥብቆ ዘጋ።

«ኢቅሩ፣ ስነሳ ቱቦው ወልቆብኛል። አንቺ አልለቀቅሽም አይደል? አንቺ ይዘሽ ከነበር ችግር የለውም።»

ፎርሙ ኪሷ ውስጥ ነበር። ኮፈኑም በመሐላቸው።

«አልለቀቅኩም» አለች። «ይዣለሁ።»

«ጎበዝ።»

አራተኛው ጎማ ቶሎ አለቀ። ጎማዎቹ ታሠሩ፣ ክሪኩ ወረደ፣ ኮፈኑ ተዘጋ። ባህሩዲን የሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን አንዴ ረገጠው፤ ደገመው። ቅንድቡ ተሰበሰበ።

«ለስለስ አለብኝ። ስፖንጅ የምረግጥ ነው የሚመስለው። እስቲ መጽሐፉ ምን ይላል?»

ኢቅራ መጽሐፉን ገለጠች። ፈልጋ ማግኘት እንኳን አላስፈለጋትም፤ በደማቁ ተጽፏል። ፔዳሉ ከለሰለሰ አየር ገብቷል፣ መኪናውን አትንዱ፣ ሥራውን ከመጀመሪያው ድገሙ ይላል። አራቱንም ጎማ ማለት ነው። «ማነው የለቀቀው» የሚል ጥያቄ ማለትም ነው።

«አዲስ ዘይት መጀመሪያ ላይ ለስለስ ይላል ይላል» አለች። «ሲነዳ ይጠነክራል።»

«እንደዚያ ብሎ ጽፏል?»

«ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት።»

ከተናገረችው ሁሉ እውነት የነበረው የገጹ ቁጥር ብቻ ነው።

ባህሩዲን ራሱን ነቀነቀ፤ አመናት። እጁን በሳሙና ፈትጎ ታጠበና «በይ አምጪው» አላት። ፎርሙን ኮፈኑ ላይ ዘርግቶ፣ ስሙን ፊደል በፊደል፣ ለትልቅ ጉዳይ እንደሚጻፍ አድርጎ ጻፈ። ኢቅራ ይህችን ደቂቃ ስንት ጊዜ አስባት ነበር። ዳራርቱን ምን እንደምትላት ሳይቀር ተለማምዳለች። አሁን ግን ወረቀቱን ስትቀበል፣ የሰው ዕቃ የተቀበለች ይመስል የት እንደምታደርገው ጠፋት።

ሻሂዳ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ወጣች።

«አለቀ?»

«አልቋል፣ አልሐምዱሊላህ» አለ ባህሩዲን። «ትንሽ ለስለስ ይልብሻል፣ አትደንግጪ። እየነዳሽው ይጠነክራል ይላል መጽሐፉ። ኢቅራ አንብባዋለች።»

«ኢቅራ ካነበበችው እሺ» አለች ሻሂዳ፤ ምሳ ዕቃዋን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ገባች።

ቀበቶዋን ስታስር ኢቅራ ታያታለች። ሞተሩ ተነሳ። እናቷ የምትሄድበትን መንገድ ኢቅራ ዓይኗን ጨፍና ታውቀዋለች፤ ብሮድዌይ ጎዳናን ይዞ ሄዶ የባቡሩ ሐዲድ ጋ ያደርሳል። እዚያ ቀይ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ሲል እናቷ ሁልጊዜ አስቀድማ፣ ቀስ ብላ ነው የምትቆመው። «ባቡር አይለመንም» ትላለች። እግሯ ፔዳሉን ሲረግጥ፣ ሲሰምጥ፣ ደግማ ስትረግጥ ታያት። እዚያች ሰዓት ላይ እንኳን «አይዞሽ፣ ኢቅራ አንብባዋለች» እያለች የምትረጋጋ እናት።

መኪናው ወደ ኋላ ከመንቀሳቀሱ በፊት ኢቅራ በተከፈተው መስኮት እጇን አስገብታ መሪውን ያዘች።

«እማ፣ አጥፊው።»

«ረፍዶብኛል፣ ኢቅራ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ፕሊስ። አጥፊው።»

ሻሂዳ ፊቷን አየችና ቁልፉን አዞረች።

«አባ፣ ለቅቄያለሁ። ሦስተኛው ጎማ ላይ። እትዬ የሺሀረግ ሲመጡ ተነሳሁ።»

ባህሩዲን ለጊዜው የገባው አይመስልም። «ተነሳሽ?»

«ከመኪናው ወጥቼ ጨበጥኳቸው።»

ሻሂዳ ዓይኗን ወደ እትዬ የሺሀረግ ቤት ወረወረች። ያለፈው ሳምንት ንግግሯ ትዝ ሳይላት አልቀረም።

«መጽሐፉ ታዲያ?» አለ ባህሩዲን። «ይጠነክራል ያልሽኝ?»

«እሱንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

መነሳቷን ሲሰማ ሊስቅ የከጀለ የመሰለው ፊት፣ ይህንን ሲሰማ ተቀየረ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር፤ ለጩኸት መልስ አላት። መጽሐፉን ከሳሩ ላይ አነሳና ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራትን ራሱ ፈልጎ ዘረጋላት።

«አሁን የተጻፈውን አንብቢልኝ።»

አነበበችለት። እያንዳንዱን መስመር በአማርኛ፣ አንዲት ቃል ሳትዘል። «መኪናውን አትንዱ» የሚለው ጋ ድምጿ ቀጠነ፤ ቢሆንም ጨረሰችው።

«እኔ ሌላ ዓይን የለኝም ኢቅሩ» አለ ባህሩዲን። ክሪኩን ሊያመጣ ሄደ።

ሻሂዳ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወጣች። በልጇ አጠገብ ስታልፍ ትከሻዋን ጨበጥ አድርጋ፣ «ከእኔ ጋር ደግሞ ማታ እንነጋገራለን» አለቻት። ከዚያ ወደ እትዬ የሺሀረግ ቤት ተሻገረች። ብዙም ሳይቆይ የእትዬ የሺሀረግ ሰፊ መኪና፣ እሳቸው መሪውን በሁለት እጃቸው ታቅፈው፣ በእርምጃ ፍጥነት አለፈ። ሻሂዳ ከጎናቸው ሰዓቷን ታያለች።

ኢቅራ ፎርሙን ከኪሷ አወጣች። የአባቷ ፊርማ እጥፋቱ ላይ ተከፍሏል። መልሳ አጠፈችውና ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት መሐል አስገብታ መጽሐፉን ዘጋች፤ መጽሐፉንም አባቷ መፍቻዎቹን በደረደረበት ካርቶን ላይ አኖረችው። ባህሩዲን አያት። አላነሳውም፣ አልመለሰላትምም።

ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ከወዲያኛው የኋላ ጎማ።

«ጫኚ።»

«ይዣለሁ።»

በመጀመሪያዎቹ ጊዜያት መፍቻው ቀጭ ከማለቱ በፊት ትንሽ ዝምታ አለ። ጠዋት ያልነበረ ዝምታ ነው። ኢቅራ ሰማችው። እግሯን ብቻ አጥብቃ ያዘች። ሦስተኛው ጎማ ላይ ሲደርሱ ቱቦው ውስጥ አረፋ ትር ትር እያለ ወጣ። «ይኸውልሽ እንግዳችን» አለ ባህሩዲን፤ ከዚያ በኋላ ዝምታው ትንሽ አጠረ።

የእትዬ የሺሀረግ መኪና ተመልሶ ቆመ። ቁና ቁና እየተነፈሱ በሳሩ ላይ መጡ።

«በደኅና አድርሻታለሁ። አምስት ደቂቃ ነው ያረፈደችው።»

ብሎኗ ክፍት ነበረች። የኢቅራ ወገብ ከወንበሩ አንድ ጣት ያህል ከፍ አለ። እግሯ ግን ከፔዳሉ ጋር ወለሉ ላይ ቀረ። ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መነሳት አልችልም።»

«እኔም አልችልም» አለ ድምፅ ከኮፈኑ ማዶ።

«ማን ተነሱ አላችሁ?» አሉ እትዬ የሺሀረግ፤ ባዶ ፌስታል አስፋልቱ ላይ አንጥፈው ከኢቅራ በር አጠገብ ተቀመጡ።

ባቷ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። አባቷ ቱቦውን እያየ መሆን አለበት፣ አሁን አይቸኩልም። እትዬ የሺሀረግ ስለ ቃሪያቸው ጠየቋት፤ ወደ ፊት እያየች መለሰችላቸው። መፍቻው ቀጭ ብሎ ሲዘጋ ሰማች፤ እግሯን አላነሳችም።

«ልቀቂ» አላት።

ያን ጊዜ ለቀቀች።