የሚስማሩ ከፍታ

«ሰዓሊው ነው ከመሰላል የገፋቸው» አሉ ወይዘሮ ሸጋዬ። ይህን ሲሉ ሦስተኛቸው ነው፤ መጀመሪያ ለባጃጅ ሾፌር፣ ቀጥሎ ለወፍጮ ቤት ወረፋ ጠባቂ፣ አሁን ደግሞ ለፖሊስ።

«አይተዋል እትዬ?» አለች ኢንስፔክተር ራጂያ።

«ማየትማ አላየሁም። ሰምቼ ነው እንጂ።»

«ከማን?»

«ከሰው ነዋ! ፍኖተ ሰላም ሙሉ የሚያወራውን አንቺ ብቻ አልሰማሽም?»

ፍኖተ ሰላም የሚያወራው ከእሳቸው አፍ የወጣውን ነበር። ቢሆንም ሰዓሊው ስመኘው በዚሁ ወሬ ሁለት ቀን ታስሯል፤ ነገ ጠዋት ክስ ይመሠረትበታል።

ሟቹ ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ገብረሰንበት ናቸው። አርባ አንድ ሥዕል ሰብስበዋል፤ አንዱም ከመዳፍ ብዙ አይበልጥም። አብዛኞቹ የሌሊት ናቸው፦ ዝናብ የመታው አስፋልት፣ ደጁ ላይ አምፖል የቀረበት የተዘጋ ሱቅ። ሁሉንም በቆርቆሮ ሳጥን ይቆልፉና በየወሩ መጀመሪያ አንዷን ብቻ ያወጣሉ። ወሩን በሙሉ ከእሷ ጋር ይቆያሉ። ጥቅምት አንድ ቀን ግን መሰላል ሥር ወድቀው፣ ራሳቸው የድንጋዩን ደፍ መትቶ ተገኙ። መዶሻ አጠገባቸው፣ የወሩ ሥዕል ደረታቸው ላይ፣ ከጣሪያው ሥር አዲስ ሚስማር።

ራጂያ በዕለቱ የተነሣውን ፎቶ ደጋግማ አየች። ከዚያ እስር ቤት ሄደች።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«አዎ» አለ ስመኘው። «አዲስ ሥዕል ሳመጣላቸው ‹ጥሩ ነው› አሉኝ። በቃ፣ ‹ጥሩ ነው›! ድሮ ለአንዲት ጥላ ግማሽ ቀን የሚሟገቱኝ ሰው። ተናድጄ ጮህሁ።»

«ገደልካቸው?»

«አይ።»

«ክሱ ነገ ነው።»

«እሺ» አለ፤ ባጃጁ ሞልቷል እንደተባለ መንገደኛ።

ከሰዓት በኋላ የሚመለከታቸውን ሁሉ ሥዕሉ የሚሰቀልበት ክፍል ሰበሰበቻቸው፦ ስመኘውን፣ ለሥዕሎቹ የእንጨት ፍሬም የሚሠራውን የቡሬውን ማህዲን፣ ሽንዲ ከተማ ስልክ የሚሸጠውን የሟቹን የወንድም ልጅ ወንዳወቅን፣ የቤት ሠራተኛዋን እማሆይ እህተ ማርያምን።

«አንቺም የቡሬ ልጅ ሆነሽ የቡሬን ሰው ትጠረጥሪያለሽ?» አለ ማህዲ።

«የቡሬን ሰው ስለማውቀው ነዋ! በል፣ ሥዕሏን መምህሩ የት ነበር የሚሰቅሏት? አሳየኝ።»

ማህዲ በርከክ አለና ከአጭሩ የእንጨት መቀመጫ፣ ከዱካው ፊት ለፊት፣ ከወገብ በታች፣ አንዲት የዛገች ሚስማር ነካ። ጎንበስ ያላለ አያያትም።

«እዚህ። የሚያዩት ዱካ ላይ ተቀምጠው ነዋ። እንግዳ ከመጣም አስቀምጠው ነው የሚያሳዩት፤ የቆመ ሰው ያልፋል እንጂ አያይም ይላሉ።»

«እኔንም ሁልጊዜ አስቀምጠውኝ ነው» አለ ስመኘው።

ራጂያ ወደ ወንዳወቅ ዞረች። «አንተስ እዚህ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

«እኔ ሥራ አለብኝ። በር ላይ ሰላም ብያቸው ነው የምሄደው።»

«ልክ ነህ። እንግዲህ ስሙኝ» አለች። «አንደኛ፣ ይሄ ፎቶ። ሚስማሩ ሲመታ የረገፈው ኖራ ደሙ ላይ ነው ያለው፤ ነጭና ደረቅ ሆኖ። ደሙ ትኩስ ቢሆን ኖሮ ኖራው ይርስ ነበር። እና ሚስማሩ የተመታው እሳቸው ወድቀው፣ ደሙም ከረጋ በኋላ ነው። የሞተ ሰው ሚስማር አይመታም። ሁለተኛ፣ የመታው ሰው ሥዕል እላይ እንደሚሰቀል ነው የሚያውቀው። ስመኘው ወይም ማህዲ ቢሆኑ ኖሮ መሰላል ለምን ያመጣሉ? ዱካውን ገልብጠው፣ ከሱ የወደቁ አስመስለው ይሄዱ ነበር። እማሆይም ቤቱን ሲያጸዱ ይህችን የዛገች ሚስማር በየቀኑ ያያሉ። የቀረው ሳይቀመጥ የኖረው ሰው ነው።»

 ወንዳወቅ ሚስማሯን አየ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ለሥዕሎቹ ከአዲስ አበባ ገዢ አግኝቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሳጥኑን አልከፍትም አሉ። አንዴ ነው የገፋኋቸው። ረጅም ሰዓት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነበር። ከዚያ መሰላሉን አመጣሁ።»

ፖሊሶች ይዘውት ሄዱ። ማህዲም ወደ መናኸሪያ ሄደ። ስመኘው ተፈትቷል፤ ግን መሄድ እንደሚችል ያወቀ አይመስልም። ግድግዳው ሥር ቆሞ ቀረ፤ ደስታም ቁጣም ፊቱ ላይ የለም።

እማሆይ እህተ ማርያም ደሙን ለማጠብ ውኃ ይዘው ገቡ።

«እኔስ ድሮም የመሰላሉን ነገር አላመንሁም» አሉ።

ራጂያ ከበሩ ተመለሰች። «ለምን?»

«ከፋሲካ ወዲህ ዓይናቸው ጨርሶ አያይም ነበር። ሥዕሉ ላይ ያለውን የምነግራቸው እኔ ነበርሁ። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል፤ እናንተም አልጠየቃችሁኝም።»