ያልተፈረመበት ጨዋታ

ኢክራም የጋሽ ተካልኝን ብሌን መዳፏ ላይ አስቀምጣ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ብሌን ዐይን ላይ ተለጥፎ ኢንተርኔት የሚከፍት ስስ መስታወት ነው፤ ድሬዳዋ ውስጥ ያለሱ ከቤት የሚወጣ የለም። ጡረተኛው የባቡር ነጂ ጆሮው ውስጥ ካልጮኹበት ስለማይሰማ፣ የሰው ንግግር ብሌኑ ላይ በጽሑፍ ይወርድለታል። ይህን የሚያደርገው ኢክራም የጻፈችው ቅጥያ ነው፤ ብሌን ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም።

ዛሬ ጠዋት ጽሑፉ ቆመ።

«ሮብሌ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል» አለ ጋሽ ተካልኝ ስለ ጫት ጓደኛው። «ልክ እንደ ዓሣ! ቆሽሾ ነው አይደል?»

«አልቆሸሸም ጋሼ» ብላ ጆሮው ሥር ጮኸች። «ቅጥያው ፊርማ ስለሌለው ነው!»

ከዚህ ወር ጀምሮ የማረጋገጫ ማዕከል የሚባል መሥሪያ ቤት መርምሮ ያልፈረመበትን ቅጥያ የትኛውም ብሌን አይቀበልም። ሌቦች በቅጥያ እየገቡ ሰው የሚያየውን ሁሉ ስለሰረቁ ነው ተባለ፤ እውነትም ሰርቀዋል። ድሮ ኢክራም ጠዋት ያየችውን ስህተት አርማ ከሰዓት በገዛ እጇ ትጭንለት ነበር። አሁን የራሷን ሥራ የራሷ ብሌን እንኳን አይከፍትላትም።

ቅጥያውን ለማዕከሉ ላከች። መርማሪው ማሽን ወዲያው መለሰ፦ «ከአንድ በላይ ቋንቋ ተገኝቷል። አንዱን ይምረጡ።»

ከዚራ ሰፈር፣ ዛፉ ጥላ ሥር፣ ጋሽ ተካልኝና ጓደኞቹ ጫት በሚቅሙበት በርጫ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ቋንቋ አያልቅም። ሙሜ በኦሮምኛ ይጀምረዋል፣ ሮብሌ በሶማሊኛ ይነጥቀዋል፣ ስድቡ በሐረሪ፣ መሐላው በዐረብኛ ይሆንና በአማርኛ ያልቃል። ኢክራም ይህን ለማሽን ለማስተማር ስንት ከሰዓት አብራቸው ተቀምጣለች።

ለሙያ ጓደኛዋ ለናሆም ደወለች። እሱ በፊት ለዐይነ ስውራን መንገድ የሚመራ ቅጥያ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ሰው ዐይን ውስጥ ብልጭ የሚል የሳሙና ማስታወቂያ ይሠራል።

«የኔማ ምሳ በልቼ ሳልጨርስ ተፈረመ» አለ። «ቁረጪው አቦ! ጭራሽ ካለመስማት አይሻለውም?»

ቆረጠችው። አማርኛውን ብቻ አስቀረች። ተፈረመ።

ከሰዓት ሙሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «የተከበርክ ወንድማችን ተካልኝ፣ የዛሬው አየር እጅግ ሞቃታማ ነው።»

«ወሪያ፣ ዜና አንባቢ ሆንክ እንዴ?» አለ ሮብሌ በሶማሊኛ ጠርቶት።

«ዝም በል ሮብሌ! አማርኛ ብቻ ተብለናል።»

ሮብሌ ቀልድ ጀምሮ መጨረሻውን በአማርኛ ፈለገ፣ ፈለገና ተወው። ጽሑፉ አንድም ፊደል ሳይሳሳት ወረደ። ለጓደኛቸው ሲሉ እንዲህ ተጠንቅቀው ሰነበቱ። ስለ አየሩ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ቧንቧ ውኃ አወሩ። ከዚያ ማውራት ቀነሱ። ማዕከሉ ያረመው ቅጥያዋን ብቻ እንዳልነበር ኢክራም ያኔ ገባት።

አንድ ቀን ጋሽ ተካልኝ ወደ እሷ ዞረ።

«ይሄን ነገር አንሺልኝ።»

«ታዲያ ምን ልትሰማ ነው?»

«ምንም። እነሱ ግን እንደ ሰው ያውሩ።»

በእጅ ስክሪኗ ቅጥያውን ከብሌኑ አነሳችለት። ለሽማግሌዎቹም ነገረቻቸው። ትንሽ ተያዩ። ከዚያ ሙሜ በኦሮምኛ አንድ ነገር ጣል አደረገ፣ ሮብሌ ከአፉ ላይ በሶማሊኛ ቀማው፣ ተሳደቡ፣ ማሉ፣ ጭናቸውን እየመቱ ሳቁ። ጋሽ ተካልኝም ፊታቸውን አይቶ ትንሽ ዘግይቶ ሳቀ፤ እንባው እስኪወርድ።

«ምን እንዳሉ ገባህ?» አለችው ጆሮው ላይ።

«አልገባኝም» አለ፣ ዐይኑን እየጠረገ። «አትንገሪኝ። ጨዋታቸው እንዳይቆም።»

ስክሪኗ ላይ ማዕከሉ መልስ ይጠብቃል፦ ቅጥያው ለምን ተነሳ? ከተደረደሩት ምክንያቶች «አገልግሎቱ አላስፈለገም» የሚለውን ነካች። ስክሪኑን አጠፋችና ምንጣፉ ጥግ ላይ በግንባሩ ደፋችው።