ዳገቱ ላይ የጮኸው ናፍጣ

መካኒኩ ገናናው፣ ጋሉስ ሰፈር ባለው ጋራዡ መውጫ ዳገት አናት ላይ፣ በቫንና በግድግዳ መካከል ተጣብቆ ሞቶ ተገኘ። ቫኑ የዕቃ አመላላሹ የጋሽ ዓባይነህ ነው። ሁለቱ ሰሞኑን መኳረፋቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ፖሊሶቹ ካቴናውን አውጥተው መርማሪዋን ኮሚሳር ሕሊናን ብቻ ይጠብቁ ነበር።

ሕሊና ግን ለካቴና የምትቸኩል ሰው አይደለችም። መጀመሪያ ቫኑን አሸተተች፤ የተቃጠለ ክላች ይሸታል። ቀጥላ ፎቅ ላይ ወደሚኖሩት እማማ አረጋሽ ወጣች።

«ምን ሰሙ እማማ?»

«መኪናው ጮኸ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ጓ አለ። የዓባይነህ መኪና እንዲያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም ልጄ።»

የቫኑ ቁልፍ ጋራዡ ውስጥ ሚስማር ላይ እንደሚንጠለጠል የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ጋሽ ዓባይነህ፣ የገናናው ጓደኛ ኢዮብና የኢዮብ ሚስት ሩሐማ። ሕሊና ለየብቻ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ በዚህ ቫን ይህ ዳገት እንዴት ይወጣል?

«እኔ መች አወጣዋለሁ፣ እሱ ነው የሚያወጣኝ!» አሉ ጋሽ ዓባይነህ። «ናፍጣ ሞተር ጉልበቱ ከታች፣ በቀስታ ሲዞር ነው። ክላቹን ስትለቂው ጋዝ ፔዳሉን ሳትነኪ ይወጣል።»

ኢዮብ ሳቀባት። «ጋዙን መርገጥ ነዋ! ሞተር ካልጮኸ ጉልበት አይሰጥም። የእኔን ቤንዚን አውቶባን፣ ፈጣኑ መንገድ ላይ ብታይው! ሩሐማን ግን አትጠይቂያት፤ ፉረርሻይን የሚሉት መንጃ ፈቃድ የላት፣ ክላችና ፍሬን አትለይ።»

ሩሐማ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «ክላቹን ቀስ አድርጎ መልቀቅ» አለች። «ጋዝ አያስፈልገውም።»

ሕሊና ይህን ሰምታ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ ሞተሩን እስኪጮህ ረግጦ ክላቹን አቃጥሏል» ብላ ጀመረች። «ጋሽ ዓባይነህ ዕድሜያቸውን በናፍጣ ነው የኖሩት፤ ተኝተው እንኳ አያስጮሁትም። ሩሐማንም አንድ ሰው በደንብ አስተምሯታል። የሚቀረው፣ የዳገት ናፍጣን እንደ አውቶባን ቤንዚን የሚነዳ ሰው ነው። ኢዮብ፣ አፍህ ቢዋሽ እግርህ ልማዱን አይተውም።»

ኢዮብ ለመካድ አፉን ከፈተ፤ ግን ዓይኑ ሚስቱ ላይ ሲያርፍ ቅናቱ ቀደመው።

«ማን አስተማረሽ? ገናናው አይደል? በየቅዳሜው በዚህ ቫን ቦናመስ ሰፈር ስትሄዱ፣ ጎን ለጎን ተቀምጣችሁ ስትስቁ በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ከመኳረፋችን በፊት ቫኑን ያዋስኳቸው እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ዓባይነህ። «ባዶ ግቢ ውስጥ መንዳት ትለማመድ ብዬ።»

ኢዮብ ክው አለ። ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ሲጠጋው እንኳ ዞር ብሎ አላየውም።

«ለመንዳት ብቻ ነበር? ታዲያ ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?» አለ፣ ድምፁ ጋራዡን እያናጋው።

ሕሊና የሩሐማን መልስ አስቀድማ አውቃዋለች።

«አንተማ ትጮህብኛለህ» አለች ሩሐማ። «ገናናው አንድ ቀን እንኳ ጮኾብኝ አያውቅም።»