ልጄ አቤት ያለች ቀን

ይሄ በኔ የደረሰ ነው። ከሰው ሰምቼ ያሳመርኩት አይደለም። እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም... ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ያለፈው ኦክቶበር ሃያ ሰባት፣ ሳን ሆዜ፣ የምንከራየው ቤት። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ነበር። በኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ። ፀሐይ ገና መንገዱ ላይ ነበረች፣ ከማዶ ያለው ሰውዬ ሣር ያጭድ ነበር።

ጨለማ ቢሆን ኖሮ ጨለማው ነው እል ነበር።

ስሜ ትርፌ ነው። ኦክላንድ ውስጥ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። ያለችኝ አንድ ልጅ ናት... ኢየሩስ። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አባቷ ሚልክያስ ኮንኮርድ ይኖራል፤ ከተለያየን ቆየን።

ኢየሩስ ከትንሽነቷ ጀምሮ የምትወደው ሃሎዊንን ነው። ሃሎዊንና ዊች።

ይቺን «ዊች» የምትለውን ወደ አማርኛ መመለስ አቃተኝ። ጠንቋይ ልበል ስል ለኔ የሚመጣብኝ ሰው ደጁ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰውዬ ነው። የሷ ዊች ግን ሾጣጣ ኮፍያ ያደረገች፣ አገጯ የሾለ ብቸኛ አሮጊት ናት። ከምታስፈራው ይልቅ የምታሳዝነው ይበልጣል።

ቸርች ውስጥ «እንዴት ዝም ትያታለሽ» ያሉኝ ነበሩ። ጸለይኩበት። ከዚያ ከመከልከል ይልቅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ መስማት መረጥኩ።

ስሰማት ገባኝ። ልጄ የምትወደው መሥራት ነው። ጋራዡ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ታጎብጣለች፣ ጋዜጣ በሙጫ እያራሰች ትለጥፍበታለች፣ ሲደርቅ ፊት ይወጣዋል። ያገለገለ ልብስ ከሚሸጥበት ያመጣችውን ነጭ ዳንቴል ሻይ ውስጥ ነክራ በአንድ ቀን መቶ ዓመት ታስረጀዋለች።

«ይሄ ጎቲክ ይባላል፣ ማሚ።»

ቃሉን ከሷ ነው የተማርኩት።

የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። በአማርኛ። ትሰማለች፣ ግን የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ የምጽፍላችሁን ንግግሯን አብዛኛውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። ስጠራት «ዋት?» ነው የምትለኝ።

«አቤት በይ።»

«ሶሪ። አቤት... ዋት?»

አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ኖርን።

ያን ሰሞን የሠራቻት ዊች ቁመቷ እኔን ያክላል። በራችን ላይ ልታቆማት አስባ፣ ሰው ሲጠጋ ድምፅ የምታሰማ ትንሽ ማጫወቻ ገዝታ ደረቷ ውስጥ ቀበረችላት።

«ማሚ፣ ድምፁን አንቺ ስጪያት።»

«ድምፄንስ ለዊች አልሰጥም።»

«ኦኬ።» አልተከራከረችኝም።

ከሁለት ቀን በኋላ ልብስ ላጥብ ጋራዥ ስገባ የገዛ ራሴ ድምፅ ከዊቿ ደረት ወጣ።

«ኢየሩስ... ነይ!»

ከወጥ ቤት ስጠራት ደብቃ ቀድታኝ ኖሯል። ኢየሩስ ከጠረጴዛው ሥር ሆና በሳቅ ትንፈራፈራለች። «ሶ ክሪፒ፣ ማሚ፣ ሲያስፈራ። እዚህ ሰፈር ምን እንደምትዪ ማንም አያውቅም።»

እኔም ሳቅሁ።

መሳቄን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በዚያው ቀን ጎረቤቴ መይሙና ሳህን ልትመልስ መጣች። የወሎ ሰው ናት፤ ጨዋታ ታውቃለች። ዊቿ ስትጠራ ሰማችና ደረቷን ያዘች።

«ወላሂ አንቺ መስለሽኝ ነው። ሳህኑን በማዘግየቴ የተቆጣሽ መሰለኝ።»

«ድምፁማ የኔ ነው። ቀድታኝ ነው።»

ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ። ዊቿን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ትርፌዋ... የልጅሽን ስም ባታስጠሪያት ምን አለበት? ሌላ ነገር ትበል።»

«መጫወቻ እኮ ናት።»

«አውቃለሁ። ብቻ እኛ ዘንድ ስምሽ ሲጠራ፣ የጠራሽን ሳታዪ አቤት አይባልም።»

«የኔዋ ደግሞ አቤት ብትል ድግስ እደግሳለሁ።»

ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ ኦክቶበር ሃያ ሰባት መጣ።

ከሥራ ገብቼ በሩ ሥር ጫማዬን እያወለቅሁ ነበር። ከጋራዡ ድምፄ ተሰማ።

«ኢየሩስ!»

ልጄም...

«አቤት።»

ዋት አላለችም። የመጨረሻዋ «ት» እንኳ ጥርት ብላ ነው የወጣችው።

ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነው። ዓይኔ እንባ ሞላ።

በእንባዬ ውስጥ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ አየሁት። የማጫወቻው ባትሪዎች ቻርጀር ላይ ተሰክተዋል።

ሁለቱም።

ጋራዡን ከፈትኩ። ኢየሩስ የዊቿን ጥፍር ጥቁር ቀለም ትቀባለች።

«ማንን ነው አቤት ያልሽው?» አልኳት በሹክሹክታ። ለምን እንዳንሾካሾክሁ አላውቅም።

«አንቺን። ጠራሽኝ እኮ።»

«እኔ አልጠራሁሽም።»

«ማም...» ፈገግ አለች። «አሁንም እየጠራሽኝ ነው።»

ከንፈሬ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

በማግስቱ ማጫወቻውን ከዊቿ ደረት አወጣሁት። ኦክላንድ ድረስ ይዤው ሄጄ የሥራ ቦታዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። ስመለስ እንደገና አሥር ሰዓት ነው። በጋራዡ በር በኩል ሳልፍ የኔ ድምፅ ቀስ እያለ ያወራል። ቃሉ አይለይም... ብቻ የኔ ነው።

ከዚያ ልጄ መለሰች።

«እሺ፣ መጣሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስጠበቅኩዎት።»

ልጄ «እርስዎ» አታውቅም። ፓስተራችንን በሰው ፊት «አንተ» ብላ አሳፍራኛለች። ደግሞ ለገዛ እናቷ ድምፅ ይቅርታ ያድርጉልኝ?

በሩን ስከፍት ብቻዋን ናት። የዊቿ አንገት ወደ ልጄ ዘንበል ብሏል። ሽቦ ነው፣ ይጎብጣል... ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ረቡዕ ቁርስ ላይ ስጠራት ዝም አለችኝ። ከጀርባዋ ቆሜ ሦስት ጊዜ ጠራኋት። ማንኪያዋ አልቆመም። ትከሻዋን ስነካት ዞረች።

«ኦ፣ ማም። መቼ መጣሽ?»

ንቃኝ አልነበረም። ልጄን አውቃታለሁ። አልሰማችኝም።

ሐሙስ ሐሙስ የጸሎት ላይን አለን፤ ሁላችንም ካለንበት ደውለን እንገባለን። በምሳ እረፍቴ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ገባሁ። እህት ሐኒ ነበረች የምትመራው።

«እህት ትርፌ፣ የጸሎት ርዕስ አለሽ?»

«ልጄን አስቡልኝ። ኢየሩስን።»

«ማንን? ሚውት ላይ ገባሽ።»

ስልኬን አየሁት። ሚውት ላይ አይደለም።

«ኢየሩስን።»

«አልተሰማም እህቴ። ‹ልጄን አስቡልኝ› ያልሽው ጋ ተቆረጠ። ሌላው ሁሉ ይሰማል።»

የመኪናውን መስታወት ወደ ራሴ አዞርኩት። ስሟን ስል ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል።

ድምፅ የለም።

የቀረውን ቃል ሁሉ እናገራለሁ። የልጄ ስም ብቻ ነው ከአፌ የማይወጣው። እህት ሐኒ በመጨረሻ «ጌታ ስሟን ያውቃል» ብላ ጸለየችላት። የቀረውን ቀን ያቺን ቃል ይዤ ዋልኩ።

ቤት ስገባ ሚልክያስ ደወለ።

«ትርፌ፣ ልጅቷን ምን አድርገሻት ነው?»

«ምን ሆነች?»

«አማርኛ እኮ ነው ያወራችኝ። ‹አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው› አለችኝ። መኪና አቁሜ ነው ያለቀስኩት።»

«ሚልክያስ፣ ስማኝ። ልጃችን ደህና አይደለችም...»

«አንቺ ደግሞ ሲያመሰግኑሽም አትወጂም» ብሎ ሳቀ።

ምን ልበለው? ልጅህ አማርኛ ቻለች፣ አድነኝ ልበለው?

ዓርብ ሃሎዊን ሆነ። ገና አልመሸም፤ ሰማዩ ቀላ ብሏል። ልጆች በየአልባሳታቸው መንገዱን ሞልተውታል። ኢየሩስ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ በራችን ላይ ካቆመቻት ዊች ጎን ሆና ፎቶ ትነሳለች። ለአፍታ እንደ ድሮዋ ስትስቅ ሳያት ተስፋ አደረግሁ። እኔ የከረሜላውን ሳህን ይዤ ደረጃው ላይ ነኝ። መይሙና የራሷን ትንሽ ልጅ እጅ ይዛ ከረሜላ የሚጠብቁት ሰልፍ ውስጥ ቆማለች።

ያን ጊዜ ከቤት ውስጥ ድምፄ ተጣራ።

«ኢየሩስ... ነይ!»

ከወጥ ቤት ነው። ሁልጊዜ እኔ ከምጠራበት።

መይሙና በሩን አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«ትርፌ...» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ እዚህ ነሽ። ውስጥ ማን ነው?»

ልጇን አቅፋ፣ ከረሜላውን ሳትቀበል ወደ ኋላ እየሄደች ከሰልፉ ወጣች።

«አቤት» አለች ኢየሩስ። ኮፍያዋን አወለቀችና ዊቿ እጅ ላይ ሰቀለችው። ወደ በሩ ተራመደች።

ሳህኑን ጥዬ ክንዷን በሁለት እጄ ያዝኩ። ስሟን ጠራሁ፣ አልወጣም። እንደገና ጠራሁ።

ልጄ ዓይኖቼን አየቻቸው። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። መንገድ ላይ ሴትዮ ያስቆመቻት ጨዋ ልጅ ናት የምትመስለው።

«እትዬ፣ ይልቀቁኝ» አለችኝ በለስላሳ አማርኛ። «እናቴ እየጠራችኝ ነው።»

ልለቃት አልፈለግሁም። ጣቶቼ ናቸው የተፈቱት።

ገባች። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

በሩ ፊት ቆሜ ባለኝ ኃይል ሁሉ ስሟን ጮህኩ። አፌ ተከፍቷል፣ የአንገቴ ሥር ተገታትሯል... ምንም የለም። ከኋላዬ ያሉት ልጆች የትርኢቱ አካል መስያቸው አጨበጨቡልኝ።

በሩ አልተቆለፈም ነበር። ስገባ ኢየሩስ ወጥ ቤት ብቻዋን ተቀምጣለች። ጥቁር ቀሚሷን አውልቃ አራት ማዕዘን አጣጥፋዋለች። ስታየኝ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ምን ልታዘዝ?»

ይኸው እስከ ዛሬ አብረን ነን። ታጠናለች፣ ሳህን ታጥባለች፣ ቀድማኝ ትነሳለች። ቸርች መድረክ ላይ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታነባለች። «እንዴት አድርገሽ አሳደግሻት» ይሉኛል። እትዬ ትርፌ ስትለኝ ሲሰሙ ደግሞ «አክብሮቷ» ይላሉ። አንዷ እህት የራሷን ልጅ እንዳስተምርላት ጠየቀችኝ።

ዊቿን በማግስቱ እኔው ሰባብሬ አወጣኋት፤ የቆሻሻ መኪናው ሲጭናት ቆሜ አየሁ። ኢየሩስ በመስኮት እንኳ አላየችም። በክረምቱ ጥቁር ዳንቴል ገዝቼ አመጣሁላት።

«ለምን ይሆናል?» አለችኝ።

«ለዊች። እንደ ድሮው ሥሪ።»

«ዊች ምንድን ነው፣ እትዬ?»

ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። ሰው የለመነው ሲሰጠው እንዴት አድርጎ የድሮውን መልስልኝ ብሎ ይጸልያል? እኔ ግን እጸልያለሁ። ያቺን ዋት የምትለኝን፣ ጥፍሯ ሥር ሙጫ የማይጠፋውን ልጄን መልስልኝ እላለሁ። የምጠራውን ስም ግን ራሴም አልሰማውም።

የምጽፍላችሁ ለዚህ ነው። ከአፌ ባይወጣም ከጣቴ ይወጣል።

ኢየሩስ። ኢየሩስ።

አሁን ደግሞ የማልረዳው ነገር መጣ።

ጋራዡን ቆልፌዋለሁ። ቁልፉ አንድ ነው፤ አንገቴ ላይ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ሳሙና ላመጣ ስገባ ባዶው ጠረጴዛ ላይ የተጠመዘዘ ሽቦ አገኘሁ። አምስት ቀጫጭን ጫፍ አለው። ረቡዕ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ቤታችን ጋዜጣ አይመጣም።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ አልቋል።

እጅ ነው። የልጄን እጅ የሚያክል፣ ትንሽ የሴት ልጅ እጅ። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈዋል፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። ነካሁት፤ ሙጫው አልደረቀም።

ጠጋ ብዬ አየሁት።

የጣቶቹ አንጓ ላይ ወረቀቱ ተልጧል... ብዙ ቀን ሲያንኳኳ የኖረ እጅ እንደሚላጠው።