የጄኔራል ደወል

«እሱ አይደለም» አለች ሚጢ።

የዘረጋችውን ፖም መልሳ ደረቷ ላይ ያዘችው። በረቱ ውስጥ የቆመው አህያ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ ጆሮዎቹም እንደ አምናው አህያ እንደ ጄኔራል ጆሮዎች ዝናብ ያስጠልላሉ። ግን ጄኔራል ሚጢን ገና ሲያያት መጥቶ አገጩን ትከሻዋ ላይ ያሳርፍ ነበር። ይሄኛው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ምን ማለትሽ ነው፣ የኔ ቆንጆ!» የእርሻው ባለቤት አጎቷ ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ሦስት ሰፈር ድረስ መስኮት ይንቀጠቀጣል። «አርጅቶ ረስቶሽ ነው እንጂ ራሱ ጄኔራል ነው! ከዚህ የፖም እርሻ ዛፎች ሁሉ በዕድሜ ይበልጣል እኮ!»

«ደወሉስ?»

አምና ሚጢ ትንሽ ደወል በቀይ ክር አንገቱ ላይ አስራለት ነበር።

«ቁራ ወስዶት ይሆናላ! የዚህ ሰፈር ቁራ እንኳን ደወል በሬ ይሰርቃል።»

ሚጢ አልሳቀችም። ዓመቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ከጄኔራል ሌላ ወሬ አልነበራትም፤ ግድግዳው እንኳ ታሪኩን በቃሉ ይዞታል። ወንድሟ ቀጮ አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ስሙን ያወጡለት የክፍል ጓደኞቹ «ይሄ ልጅ ጥላ እንኳ የለውም» ብለው ነው። ሊያባብላት ፈልጎ «ነይ፣ አይናከስም» አለና የአህያውን ግንባር ዳበሰ።

ጣቱ ነጭ ሆኖ ተመለሰ።

ኖራ ነው። ቀጮ ቀና ብሎ ዛፎቹን አየ። ተባይ እንዳይወጣባቸው ግንዶቻቸው ኖራ ተቀብተዋል። እርሻውን የሸፈነው ጭጋግ እንኳን ቅርንጫፍ የራስን አፍንጫ ያስጠፋል፤ የሚታዩት ነጫጭ ግንዶች ብቻ ናቸው፣ አካል እንደሌላቸው እግሮች ተደርድረው። ከዚያ የአጎቱን ጥፍሮች አየ። እነሱም ነጭ ናቸው።

አጎቱ ሳቃቸውን አቆሙ። ክንዱን ይዘው ከሚጢ ራቅ አደረጉት።

«በብርዱ ወራት ሞተብኝ» አሉ በሹክሹክታ። «ልጅቷ እየመጣች ነው ሲሉኝ ምን ላድርግ? ይሄን ከጎረቤት አመጣሁት። ስማኝ፣ ቀጮ፣ አንተ እሱ ነው ካልካት ታምናለች። አንተ ሰማዩ አረንጓዴ ነው ብትላት እንኳ ቀና ብላ አታጣራም። አደራህን።»

ቀጮ ሊመልስ ሲል ደወል ሰማ።

ቅጭል።

ከፖም ዛፎቹ መጨረሻ፣ ከጭጋጉ ውስጥ ነው። በረቱ ጥግ የተኙት ፍየሎች ማመንዠካቸውን አቆሙ። በሳጥናቸው ውስጥ ያሉት ጥንቸሎች በኋላ እግራቸው ቆሙ። ኖራ የተቀባው አህያ እንኳ ጆሮውን ቀስሮ ወደዚያው ዞረ። ዝምታው ጉንዳን ብታስነጥስ ያሰማ ነበር።

ቅጭል... ቅጭል።

«ማን አለ እዚያ?»

«ማንም።» የአጎቱ ድምፅ ቀጠነ። «መጨረሻው ዛፍ ሥር ነው የቀበርኩት። ደወሏን ቅርንጫፉ ላይ ሰቀልኳት።»

«ነፋስ የለም እኮ፣ ጋሼ።»

ቀጮ ዙሪያውን አየ። አጠገቡ ካለው ዛፍ አንዲት ቅጠል አትንቀሳቀስም። ለሁሉም ነገር መልስ፣ ለመልሱም ጭማሪ የማያጡት አጎቱ ወደ ጭጋጉ አፈጠጡ።

«ቀጮዬ» አለች ሚጢ ከበረቱ አጥር ሥር። ፖሟን አሁንም አልለቀቀችም። «እሱ ነው?»

አዎ ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ፊደል ነው። ትስቃለች፤ ፖሙን ታበላለች፤ አጎታቸውም መስኮት ያንቀጠቅጣሉ። ከዚያ ወዲያ ግን ቀጮ የሚነግራትን ሁሉ እንዲሁ አንጋጣ እያየች ትቀበለዋለች፤ እሱ ብቻ ነጩን ጣት እያስታወሰ።

ጣቱን ሱሪው ላይ ሊጠርግ እጁን አነሳ። ተወው። አጠገቧ ሄዶ በርከክ አለና ጣቱን እንዳለ ዘረጋላት።

ሚጢ ጣቱን አየች። የአህያውን ግንባር አየች። 

«ጄኔራልስ?»

«ነይ፣ ያለበትን ላሳይሽ። ፖሙን እንዳትጥይው።»

እጅ ለእጅ ተያይዘው ነጫጮቹን ግንዶች አንድ በአንድ እያለፉ ወደ ጭጋጉ ገቡ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላቸው የአጎታቸው ቦቲ ጭቃውን ሲረግጥ ተሰማ።

መጨረሻው ዛፍ ጋ ሲደርሱ ደወሏ ዝም አለች።